ሰባት እጅ ሜርሎ፣ ሦስት እጅ ቡሼ

ላ ፔሊሴል፣ ሊቡርን አጠገብ
ኖቬምበር 14 ቀን 1971

ለተከበሩ አጎቴ ለአንሴልም ደልማስ
ሞንትሪያል

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል ይላሉ፤ እግዜር እርስዎንም ባለቤትዎን እትዬ ሎሬትንም በሙቀት ያቆይልን። እኛ ደህና ነን። እናቴን ሬይሞንድን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን እንደሚያውቁት ነው፣ ምንም አልሆነም።

ጽሕፈቴን አያውቁትም። እኔ የአጎትዎ ልጅ የሬይሞንድ ልጅ፣ ሶላንዥ ነኝ። እስከ ዛሬ ይጽፍልዎ የነበረው ወንድምዎ ዩርባን ነበር። በጁላይ እሱን ከቀበርን ወዲህ ብዕሩም የወይን ጓዳውም እኔ ላይ ወድቋል። የጓዳው እንኳን ቀድሞም ወድቆብኝ ነበር፤ እግሩ ከከዳው ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይናገራል፣ እኔ ከጋን ጋን እየተመላለስኩ እቀዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እቀላቅላለሁ። ይህን እንዳልጻፈልዎ አውቃለሁ። «አንሴልም ሴት ጓዳ ገባች ሲሉት ወይኑ ሞንትሪያል ድረስ ኮመጠጠ ይላል» እያለ ይስቅ ነበር።

የዘንድሮውን ነገር ልንገርዎ። በጁን ዝናቡ አላባራ ብሎ ሜርሎ የምንለው ወይናችን አበባው ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። ዘለላው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነው፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ። የተረፈውም ቀጭን ነው፤ ይጠጣል እንጂ አፍ አይሞላም። ከውሃ ጉድጓዱ በላይ ያለው ሌላው ወይናችን፣ ቡሼ፣ ግን ዘግይቶ ስለሚያብብ አመለጠ። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ሳልለቅም ግንዱ ላይ አቆየሁት። ጎረቤት ሁሉ አበደች ብሎኝ ነበር። አሁን ከጋኑ ሲቀዳ እንዲህ ያለ ቡሼ በዕድሜዬ አልቀመስኩም።

የቤታችን ወይን ጠጅ የሁለቱ ቅልቅል እንጂ የአንዱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዩርባን «ሜርሎው ሥጋ፣ ቡሼው አጥንት» ይል ነበር። ዘንድሮ ሥጋው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እኩል በእኩል ይሁን እላለሁ። አባትዎና አያቴ በተስማሙት መሠረት የሁለቱም ቤት እሺታ ከሌለ የቤቱ ስም ጠርሙስ ላይ እንደማይለጠፍ አውቃለሁና፣ እሺታዎን ቶሎ ይላኩልን። በርሜሎቹ ታጥበው ተዘጋጅተዋል።

እናቴ «የሚልከውን ሰላምታ ያህል ሰላምታ ስጪልኝ» ብላለች።

አክባሪዎ
ሶላንዥ


ሞንትሪያል
ዲሴምበር 2 ቀን 1971

ለተወደድሽው ልጄ ለሶላንዥ

ሰላምታዬ ይብዛልሽ፤ የሰማዩ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። ዩርባን ወንድሜን ባሰብኩት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። እዚህ ባለ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደርጌለታለሁ፤ እናንተም እንዳትረሱት። ለእናትሽ ለጆሮዋ የሚሆን የጠጉር ቆብ በመርከብ ልኬያለሁ። ትስቅበት ይሆናል፣ ግን ታድርገው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልጄ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩ። እኩል በእኩል! የዚህ ቤት ቅልቅል ሰባት እጅ ሜርሎ፣ ሦስት እጅ ቡሼ ነው። አባቴ እንዲህ አደረገ፣ ዩርባን እንዲህ አደረገ። እዚህ የማቀርብላቸው ምግብ ቤቶችና ገዳማት የሚያውቁት ይህንኑ ጣዕም ነው። ሜርሎው አነሰ ካልሽ ከጎረቤታችሁ ከእነ ባሮ ግዢና ሙዪው። ሜርሎ ሜርሎ ነው፣ ማን ያውቃል? ለግዢው የሚሆን ገንዘብ እልክልሻለሁ።

ሁለተኛ፣ በቅን ልብ ተቀበዪኝ። ወይን እየፈላ ሴት ከጓዳ ትራቅ ያሉት አባቶቻችን ሞኝ አልነበሩም። እኔ በአጉል እምነት አላምንም፤ ገበያው ግን ያምናል። ስለዚህ ለእህትሽ ባል ለፌርናን ጽፌለታለሁ፤ ቅልቅሉን እሱ ያድርገው። ትራክተር ከመሸጥ ሌላ ሥራ ክረምት ላይ የለውም። አንቺ ታዪዋለሽ፣ ትረጂዋለሽ።

ሦስተኛ፣ እንደ ልማዳችን ሦስት ጠርሙስ ናሙና ይላክልኝ፤ ሦስት ዓይነት ቅልቅል። ቀምሼ እመርጣለሁ። ሁሌም የምመርጠውን ታውቂያለሽ፣ ግን ልማድ ልማድ ነው።

ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ። ሸክሙ እንዳይከብድሽ።

አጎትሽ
አንሴልም


ላ ፔሊሴል
ዲሴምበር 20 ቀን 1971

ለተከበሩ አጎቴ

ጤና ይስጥልኝ። የገና በዓል የሰላም ያድርግልዎ። ቆቡ ደርሷል። እናቴ አድርጋው ዶሮዎቹን ስትመግብ አውራው ሸሽቶ አጥር ላይ ወጣ። እግዜር ይስጥልን።

አጎቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ ዓይኔን ነው ያላመንኩት። ስለዚህ ንዴቴን ሳላሽሞነሙን እጽፍልዎታለሁ፤ ይቅር ለማለት ጊዜ አለዎት።

ፌርናን ባለፈው ሐሙስ መጣ። ደብዳቤዎን ከደረት ኪሱ አውጥቶ እንደ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ዘረጋልኝ። «ሶላንዥ፣ እኔ ታዝዤ ነው» አለ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ፌርናን፣ መጀመሪያ ጫማህን ጥረግ። ትዕዛዝህ ጭቃ ይዞ ነው የገባው» አለችው።

ጓዳ ወሰድኩት። ከሜርሎው አንድ ብርጭቆ፣ ከቡሼው አንድ ብርጭቆ ቀዳሁለት።

«የቱ የቱ ነው?» አልኩት።

ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ግንባሩን አኮማተረ። «ሁለቱም ቀይ ነው» አለ።

«እሱንማ እኔም አየሁት።»

«ሁለቱም ይጠጣል! ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ ሶላንዥ፣ እኔ የማውቀው ናፍጣ ነው።»

ይህ ሰው ክፉ አይደለም አጎቴ፤ ልቡ ንጹህ ነው። ለምሳ አስቀመጥነው። ለመለካት ብዬ የቡሼውን ናሙና በጠርሙስ ቀድቼ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሾርባው ጥቂት ሲቀረው፣ መቼም የአገራችንን ልማድ አልረሱትም፣ ወይን ጠጅ ጨምሮ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ለመጨለጥ ያገኘውን ጠርሙስ አንስቶ ደፋበት። ያን ናሙና! በጎመንና በአሳማ ስብ ላይ! ጨልጦ አፉን ጠረገና «አሁን ገና ጣፈጠ» አለ። እናቴ ከሳቋ ብዛት ጠረጴዛ ይዛ ቆመች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይኸውልዎ፣ ገበያው የሚያምነው ወንድ ባለሙያዎ።

አሁን ወደ ባሮ ሜርሎ ልምጣ። «ግዢና ሙዪው፣ ማን ያውቃል?» ብለዋል። እኔ አውቃለሁ! እናቴ ታውቃለች! ጠርሙሱ ላይ ላ ፔሊሴል ብለን ለጥፈን የባሮን ማሳ ልናጠጣ? ይህ ሌብነት ነው አጎቴ። ሌላ ስም ሊያወጡለት ቢሞክሩም ሌብነት ነው። ባሮ ራሱ ቢሰማ መንደሩን በሳቅ ይገድለዋል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ እንዳይልኩ፤ ቢልኩ በመጣበት መርከብ ይመለሳል።

ስለ ሰባት ለሦስትም ልናገር። ነገርን ነገር ያነሳዋል። ያ የአባትዎ ቅልቅል ለየትኛው ሜርሎ ነው? ለሞተው ሜርሎ ነው። በሃምሳ ስድስቱ ፌብሩዋሪ ውርጩ ሲመጣ ግንዱ እየተሰነጠቀ ድምፁ እስከ ኩሽናችን ይሰማ ነበር። ሜርሎው አንድም ሳይቀር ደረቀ። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ቡሼ ብቻ ከሥሩ አቆጠቆጠ። እርስዎ በአፕሪል መርከብ ተሳፈሩ። አልሸሹም ዞር አሉ ይባላል። የደረቀውን የነቀልነው እናቴና እኔ ነን፤ ዩርባን ሳንባውን ታሞ አልጋ ላይ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ያዳቀልነው፣ የተከልነው፣ ውሃ ተሸክመን ያጠጣነው እኛ ነን። ዛሬ መሬት ውስጥ ካለው ሜርሎ አንዱን እንኳን እርስዎም አባትዎም አልተከላችሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ወረቀት እንኳን ሳይኖርዎት ነው የማይለቁት።

ፌርናን ትራክተሩን ይሽጥ። እኩል በእኩል እንድቀላቅል እሺታዎን ይላኩልኝ።

ሶላንዥ

እናቴ ደግሞ ይህን ጨምሪ ብላኛለች፦ «የበሰለውን ቡሼ ትቶ የሌላውን ሰው ሜርሎ የሚመኝ ሰው አፉ ሳይሆን ጭንቅላቱ ይታይለት።» ቃሏ ነው፣ እኔ የለሁበትም።


ሞንትሪያል
ጃንዋሪ 10 ቀን 1972

ለሶላንዥ

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። አዲሱ ዓመት ትሕትናን ያምጣላችሁ።

ደብዳቤሽን ለሎሬት አላነበብኩላትም፤ አፈርኩ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቃል ከገዛ ሥጋዬ አልሰማሁም። ሌባ! አንሴልም ደልማስ ሌባ! በክፉ ዓመት ከጎረቤት መሙላት ሊቡርን ውስጥ ያላደረገ ቤት ካለ ጥሪልኝ። ሁሉም ያደርገዋል፤ ልዩነቱ የሚያወራውና የማያወራው ነው።

ስለዚያ ውርጭ ደግሞ ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ። ያላወቅሽው ብዙ ነገር አለ።

አሁን በአጭሩ ስሚኝ። የዚያ መሬት ግማሽ የእኔ ነው። የእኔ እሺታ ከሌለ በቤቱ ስም አንድ ጠርሙስ አይታሸግም። ይህን ሕግ ያወጡት አባቴና ያንቺ አያት ናቸው፤ እኔ አላወጣሁትም። ባንስማማ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ደላላው ቦቴውን ይዞ ይመጣና ወይኑን በጅምላ ስም የለሽ አድርጎ ይወስደዋል። ከሌላው ጋር ተደባልቆ በየመንገዱ ዳር መጠጥ ቤት ይቀዳል። ያን ከፈለግሽ ያንቺ ፈንታ ነው።

ሦስቱ ጠርሙስ ይላክ። እቀምሳለሁ፣ እፈርዳለሁ። እስከዚያ ጓዳው ይቆለፍ።

አንሴልም


ላ ፔሊሴል
ጃንዋሪ 24 ቀን 1972

ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ሰንብተዋል።

እንዳዘዙት ሦስት ጠርሙስ በዛሬው ዕለት ከቦርዶ በመርከብ ተልኳል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ ክር አንገቱ ላይ ታስሮበታል፤ በክሩ ቀለም ይጻፉልኝ። ሳጥኑን በገለባ ሞልቼዋለሁ፤ እንዳይወረወር ላዩ ላይ ቅዱስ ዕቃ ብዬ ጽፌበታለሁ። ለእኔ ውሸት አይደለም።

ደላላው መጥቶ ነበር። ጓዳ ገብቶ ቀመሰ፣ ምላሱን አጮኸ፣ «ስም ከሌለው ለእኔ ይሻለኛል» አለ። እስከ ቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ ማርች 19 ድረስ ይጠብቃል። ከዚያ ቦቴው ይመጣል። ለእርስዎ ግማሽ መሬት ነው አጎቴ። ለእኔ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። የጉልበቴ ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ልክ ሆኖ የወጣው ዘንድሮ ነው፤ እሱ ስም አጥቶ በቱቦ ሲሄድ ቆሜ እንዳይ ነው የሚፈርዱብኝ።

መልስዎ ከዚያ ቀን በፊት ይድረሰን።

ሶላንዥ


ላ ፔሊሴል
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1972

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎን እንዲያው በደፈናው እመኛለሁ፤ ስለ ጤናዎ የማውቀው የለኝምና።

ሳጥኑ ሞንትሪያል መድረሱን የመርከቡ ድርጅት ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ለእርስዎ ነው እንጂ፣ የእኔ ወይን ጠጅ ጋን ውስጥ ተቀምጦ እሺታ ሲጠብቅ ይነቅዛል! ሜርሎው አየር እየናፈቀው ነው። ቡሼው በርሜል ይፈልጋል። በየማለዳው ጆሮዬን የጋኑ ግድግዳ ላይ አድርጌ አዳምጠዋለሁ።

አይ ይበሉኝ። እሺ! አይ ቢሉኝ እከራከራለሁ፣ እሰድባለሁ፣ ዳኛ ዘንድ እሄዳለሁ። ከዝምታ ጋር ግን ምን ይደረጋል? ዩርባን እያለ የእርስዎ መልስ በሁለት ሳምንት ይመጣ ነበር፤ ለወንድ ቶሎ ይጽፋሉ ማለት ነው። እናቴ «ምናልባት ጠጥቶት ተኝቶ ይሆናል፣ ተይው ይተኛ» ትላለች። ፌርናን እንኳን ትናንት መጥቶ «አጎትሽ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምንም ስለው አፈረልዎት። ያ ሰው በሰው ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር።

ከእንግዲህ አልለምንም። የሚቀጥለው ደብዳቤ የእርስዎ ነው።

ሶላንዥ


ሞንትሪያል
ማርች 15 ቀን 1972

ለሶላንዥ፣ የሬይሞንድ ልጅ፣ ያለ ጥርጥር የሬይሞንድ ልጅ!

ሰላምታ አልሰጥሽም። ኋላ እሰጥሽ ይሆናል።

ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ? ሳጥኑ በመጣ ዕለት ሎሬት ነጭ ጨርቅ አነጠፈች። ሦስት ብርጭቆ አሰለፍኩ። ቀዩን ክር ቀመስኩ። ጥሩ ነው። አፌን በዳቦና በውሃ አጥቤ ነጩን ቀመስኩ። ያው ነው። ሰማያዊውን ቀመስኩ። ያው! ደነገጥኩ። እንግዲህ ምላሴ ሞተ አልኩ። ሎሬት «ጉንፋን ይሆናል» አለችኝ። ምን ጉንፋን! ጎረቤታችን ያለው ቄስ መጥቶ ዓይኔን በመሐረብ አስሮ ብርጭቆዎቹን እያፈራረቀ ሰጠኝ። ያው ነው! ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምላሴ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ሐኪም ቤት ሄድኩ። አንድ ልጅ እግር ሐኪም አፌን በእንጨት ከፍቶ መብራት አብርቶ አየው፣ ጨው አስላሰኝ፣ ስኳር አስላሰኝ፣ ኮምጣጤ አስላሰኝ። «ሙሴ ደልማስ፣ ምላስዎ የጎረምሳ ነው» አለኝ። ቤቴ ተመልሼ ሦስቱንም እንደገና ጠጣሁ። ያው ነው!

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ለካ ምላሴ አልሞተም። ሦስቱም አንድ ወይን ጠጅ ነው! አንዱን ቅልቅል ሦስት ቦታ ቀድተሽ፣ ሦስት ክር አስረሽ፣ ቅዱስ ዕቃ ብለሽ ጽፈሽ፣ በስተርጅናዬ አፌን በእንጨት አስከፈትሽኝ! ባለጌ! ፈተና ነው የሰጠሽኝ? እኔ ነኝ ፈታኙ! ይህ ቤት ከተመሠረተ ጀምሮ ሦስት ጠርሙስ ማለት ሦስት ምርጫ ማለት ነው። አንቺ ምርጫ የሚባለውን ነገር በገለባ ጠቅልለሽ ቀበርሽው። ሎሬት ጉዱን ስትሰማ ሳቀች፤ ጭራሽ ከአንቺ ወገን ሆነች። በዚህ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

ውስጡ ያለውንም ልንገርሽ፣ ሐኪሙ ብቻ አይደለም የሚመሰክርልኝ። እኩል በእኩል ነው። ቡሼው ከጉድጓዱ በላይ ካለው፣ ድንጋዩ ከሚበዛበት ነው። የባሮ አንዲት ጠብታ የለበትም። ሰማያዊውን ጠርሙስ እየጨረስኩ ሳለሁ የዚያ ጉድጓድ ሰንሰለት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ስለዚያ አልጽፍም።

እሺ ብያለሁ። እኩል በእኩል ይሁን። ነገር ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ጠርሙሱ ላይ «ደልማስ ወንድማማቾች» የሚለው እንዳለ ይቀመጥ፣ አንድ ፊደል እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ ጠያቂ ቢመጣ ቅልቅሉን ያደረገው ፌርናን ነው ይባል። ለገበያው ስል ነው። እዚህ ያሉት ደንበኞቼ ሽማግሎች ናቸው፤ ሴት ቀላቀለችው ቢባሉ ሳይቀምሱ ይኮመጥጥባቸዋል።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ።

አንሴልም


ላ ፔሊሴል
ማርች 30 ቀን 1972

ለተከበሩ አጎቴ

የፋሲካው በረከት ይድረስዎ፣ እትዬ ሎሬትን ደግሞ በተለይ ይሳሙልኝ። እኛ ደህና ነን። ወንዙ ሞልቷል፣ እናቴ የሊቡርንን ሰው ሁሉ ላምፕሬ የሚባለውን ዓሣ በወይን ጠጅ እንዴት እንደሚቀቀል ስታስተምር ሰንብታለች።

እሺታዎ ማርች 24 ቀን ደረሰን። አምስት ቀን ዘግይቷል፤ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ በጊዜው ቢደርስም ሥራ አልነበረውም። ማርች 13፣ ሰኞ ጠዋት ቀላቅዬዋለሁ። እኩል በእኩል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ ድረስ። እናቴ በርሜሉ አፍ ላይ ቆማ ቡሹን በመዶሻ መታች። ያለ እሺታዎ ነው ያደረግነው። ደላላው በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ቦቴውን እያስጮኸ ሲመጣ እናቴ የጠጉር ቆቡን አድርጋ በሩ መሃል ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ጠበቀችው። «ባዶህን ነው የመጣኸው? እንግዲያው ባዶህን ሂድ» አለችው።

ስለ ሦስቱ ጠርሙስ ተቆጥተዋል። ፈተና አልነበረም አጎቴ። ሌላ የምልከው ወይን ጠጅ አልነበረኝም። ሰባት ለሦስት የሚያደርስ ሜርሎ የለንም፤ ሦስት ዓይነት አስመስዬ ብልክልዎ እርስዎን መሸንገል ነበር። ያለችን አንዲት ናት፤ አንዲቷን ሦስት ጊዜ ላክሁልዎ። ለሐኪሙ ግን አዝናለሁ። ይህን ስጽፍ እናቴ እየሳቀች ነው፣ እኔም ትንሽ።

ሁለቱን ነገርዎን ግን አልሳቅኩባቸውም። አፈር ስሆን አጎቴ፣ ሰው እንዴት በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይነጥቃል? ወይኑ ጥሩ ነው አሉ፣ አጥንቱን ለዩ፣ ማሳውን ለዩ፣ ጉድጓዱ ድረስ ሄዱ። ከዚያ ይህን ሁሉ ያደረገው ፌርናን ነው በሉ ይላሉ! ፌርናን ራሱ ደብዳቤዎን ሳነብለት ቀላ። «እኔን ለምን ታስዋሹኛላችሁ፣ እኔ ሾርባውን ነው የማውቀው» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ውሸትዎን የሚሸከምልዎ ሰው ሌላ ይፈልጉ፤ በዚህ ቤት የለም።

ማተሚያ ቤትም ሄጃለሁ። ሰውዬው የድሮውን ወረቀት አውጥቶ «ደልማስ ወንድማማቾች፣ እንደ ወትሮው?» አለኝ። «ወንድማማቾች የሚለውን አውጣው» አልኩት። «ምን ልተካበት?» አለ። እናቴንና እኔን፣ ሁለታችንንም በስማችን ጻፍ አልኩት። ስለዚህ ዘንድሮ የሚነበበው «ላ ፔሊሴል፣ ሬይሞንድና ሶላንዥ» ነው። አጎትሽ ምን ይላል ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዋጋውን ብቻ ነገረኝ። የእርስዎ ድርሻ ሙሉውን በዚሁ ስም በመርከብ ይመጣልዎታል፤ ድርሻዎን አንነካም። ሽማግሎቹ ቢኮመጥጥባቸው ይመልሱልን፣ እኛ እንጠጣዋለን። ዳኛ ዘንድ ልከሳችሁ ካሉም መብትዎ ነው፤ ዳኛውን ጓዳ አስገብቼ አቀምሰዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የምለው ነገር አንድ ብቻ ነው። ናሙና ጠርሙስ ከእንግዲህ በባሕር አይመጣልዎትም። አንድም አይመጣም፣ ሦስትም አይመጣም። እርስዎ ስለዚያ ውርጭ አትጻፊልኝ ብለዋል፤ እሺ፣ አልጽፍም። ስላለው ግን እጽፋለሁ። በጁን ሜርሎው ያብባል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እርስዎ አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። መጥተው በመሃሉ ይሂዱ፣ እጅዎን ግንዱ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ማሳው መሃል ቆመው ሰባት ይበሉ፣ ሦስት ይበሉ፣ ቁጭ ብዬ እሰማዎታለሁ። ከሞንትሪያል የሚሉትን ግን አልሰማም፤ ያ ሜርሎ እርስዎን አያውቅዎትም።

ሶላንዥ